የአርቪ 30 አምፕ ስፒና ሲቀልጥ፦ እጀታ ያለው መቀየሪያ ላይ ያለኝ አስተያየት

ሰላም እንዴት ናችሁ። ዛሬ የምጽፈው ካምኮ የሚባለው ካምፓኒ ፓወርግሪፕ ብሎ ስለሚሸጠው 30 አምፕ መቀየሪያ ስፒና ነው፣ ያው የአርቪያችን (ውስጡ የሚታደርበት የጉዞ መኪና) ወፍራሙ የመብራት ገመድ ጫፍ ላይ ያለችው ባለ ሶስት ጥርሷ ማለት ነው፣ እሷ ስትቀልጥ ወይ ስትሰበር ጫፉን ቆርጣችሁ በቦታዋ የምታስሩት። ዋጋው 20 ዶላር አካባቢ ነው። ወድጄዋለሁ፣ አምስት ኮከብ ነው የምሰጠው፣ ገመዱ ደህና ሆኖ ጫፉ ብቻ ለተቃጠለበት ሰው ሙሉ ገመድ መግዛት አያስፈልግም። ግን ስፒናውን መግዛት ቀላሉ ነገር ነው፣ የድሮዋን ምን እንዳቀለጣት ሳታውቁ አዲሷን ካሰራችሁ እሷም ትቀልጣለች፣ ሰው ደግሞ ዕቃው ነው የማይረባው ብሎ አንድ ኮከብ ይሰጣል። ስለዚ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

የኛ አርቪ ባለ አንድ ኤሲ ነው፣ 30 አምፕ። ጁላይ ውስጥ ቨርጂኒያ ደቡቡ ጋ አንድ ካምፕ ገባን፣ ስሙን አልጠራም። ውጪው የሚያፍን ወበቅ ነው፣ እናቴም አብራን ነበረች፣ ደም ግፊት ስላለባት ሙቀት አይሆንላትም፣ ኤሲው ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም። አመሻሽ ላይ ምጣዱን ጥጄ እንጀራ እየጋገርኩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ባለቤቴ ወጥቶ ሲያይ ከካምፑ ፔደስታል (ሶኬቱና ብሬከሩ ያሉበት ምሰሶ) ነው የሚሸተው፣ ብሬከሩን ቶሎ አጠፋና ስፒናዋን ሊነቅል ሲል እምቢ አለችው፣ ቀልጣ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቃለች። እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ነው በስንት መከራ የወጣችው።

ስፒናዋን ብርሃን ላይ ይዘን ሶስቱን ጥርሶች አየናቸው። ክቡ የግራውንድ (ከመሬት የሚያያዘው) ጥርስ ምንም አልሆነም፣ ያብረቀርቃል። ከሁለቱ ጠፍጣፋዎች አንዱ ትንሽ ቡኒ ብሏል። ሌላው ግን ከስሩ ጀምሮ ጠቁሮ፣ ፊቱ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ጉድጓዶች ወጥተውበት፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ አረፋ ሰርቶ ደርቆ ቀርቷል። ሶኬቱ ውስጥ በባትሪ ሲታይ ደግሞ የዛኛው ጥርስ መግቢያ ሰፍቷል፣ ጥርሱን ግራና ቀኝ ጨምቀው የሚይዙት ብረቶች ተከፍተው ተራርቀዋል። በየሳምንቱ ስንትና ስንት አርቪ እየተሰካና እየተነቀለ ላልቷል ማለት ነው። ጉዳዩ ሁሉ እዛች ጋ ነው።

ብሬከሩ ለምን አልጣለም ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፣ እኔንም ብዙ ሰው ጠይቆኛል። 13,500 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅሙ ነው) ኤሲ ሲሰራ 13 አምፕ አካባቢ ይስባል። እዚ አሜሪካ ሀበሻው ሁሉ የሚጋግርበት ክቡ የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,400 ዋት አካባቢ ስለሆነ ወደ 12 አምፕ ነው። ድምሩ 25። 30 አምፕ ብሬከር 25 አምፕን ዝም ብሎ ያሳልፋል፣ ስራው መስመሩ ውስጥ የሚያልፈው ከልክ በላይ ሲሆን መጣል ነው፣ መንገድ ላይ አንድ ቦታ እየጋለ መሆኑን የሚያውቅበት ምንም ነገር የለውም። የላላ ሶኬት ላይ ደግሞ ጥርሱና ብረቱ በትንሽ ነጥብ ብቻ ስለሚነካኩ እዛች ጋ ሬዚስታንስ፣ ማለት መብራቱ እንደልብ እንዳያልፍ የሚያግደው ነገር፣ ይፈጠራል። በመለኪያው በኦም አንድ አስረኛ ብቻ በሉት። ሙቀቱ የሚሰላው አምፑን በራሱ አባዝቶ በኦሙ በማባዛት ነው፣ 25 በ25 በ0.1 ሲባዛ 62.5 ዋት። ባለ 60 ሻማ የድሮ አምፖል ሲበራ በእጅ እንደማይያዝ ታውቃላችሁ፣ ያ ሁሉ ሙቀት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ሰዓታት ሲቆይ ፕላስቲክ ምን ይችለዋል? ምጣዱ ጠፍቶ ኤሲው ብቻ ቢቀር ደግሞ 13 በ13 በ0.1 ወደ 17 ዋት ይወርዳል። አምፑ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ስለዚ ሶኬቱ ጥርጣሬ ያለበት ካምፕ ውስጥ ትልልቁን ነገር በየተራ ማብራት የምር ለውጥ አለው፣ ኤሲ፣ ምጣድ፣ ማይክሮዌቭ፣ የውሃ ማሞቂያው የኤሌክትሪኩ ክፍል፣ እነዚ ናቸው ትልልቆቹ። ውሃውን በጋዝ አሙቁት፣ ቡናውንም በጋዝ አፍሉት፣ ኤሲው መብራቱን ለብቻው ይያዘው። ለረጅም ሰዓት ሳይቋረጥ ለሚሰራ ጭነት ደግሞ ኤሌክትሪሺያኖች 80 በመቶውን ነው የሚይዙት፣ ከ30 አምፕ 24 ማለት ነው።

ሌላው ክፉ ነገር፣ አንዴ የጋለ ብረት መጨመቅ አቅሙን ያጣል፣ መጨመቁ ሲደክም ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ያ ሲጨምር እንደገና ይበልጥ ይግላል። በራሱ አይቆምም። የጠቆረ ጥርስ ያለው ስፒና ይዛችሁ ወደ ሌላ ካምፕ ስትሄዱም ያን ደህና ሶኬት እናንተ ታበላሹታላችሁ፣ ከናንተ በኋላ የሚሰካው ሰውዬ ደግሞ የሱን ስፒና ያቃጥላል። በአሸዋ ወረቀት ፈትጌ ልጠቀምበት የሚል ሰው ካለ ተው በሉት፣ ጥርሱ ላይ ያለው ስስ ልባስ ይለቅና ብሶ ነው የሚቃጠለው።

እዛው ካምፕ ሆነን ደውለን ያገኘነው ተንቀሳቃሽ የአርቪ ጠጋኝ ለመምጣት ብቻ የጠየቀን ከስፒናው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፣ በዛ ላይ ገመዱን በሙሉ ካልቀየርኩ አለ። እኔ ደግሞ አሌክሳንድሪያ የማውቃቸው፣ አዲስ አበባ ሆነው ዘመናቸውን ሁሉ ኤሌክትሪክ የሰሩ፣ እዚም መጥተው ፈቃድ ያወጡ ትልቅ ሰው አሉ፣ ፎቶውን ላኩላቸውና ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ገመዱን በሙሉ ልቀይረው ወይስ ጫፉን ብቻ?»

«እስቲ ገመዱን እጠፊው፣ ከስፒናው በታች ያለውን። ደርቋል?»

«አልደረቀም፣ እንደ ድሮው ይታጠፋል።»

«እንግዲያው ቁረጪና መዳቡን እዪ። ቀይ ከሆነ እሰሪው። ከጠቆረ ደግመሽ ቁረጪ፣ ቀይ እስኪመጣ ድረስ ነው። ገመዱ አጠረብኝ ብለሽ እንዳትሳሺ ልጄ፣ ጥቁር መዳብ ላይ ብሎን ማጥበቅ አመድ ላይ ማጥበቅ ነው።»

«እኔ ልሰራው እችላለሁ ግን?»

«ካቻቪቴ መያዝ ከቻልሽ ምን ያቅትሻል፣ ቀለሙን ብቻ እንዳታቀያይሪ። ስትጨርሺ ሳትሰኪው በፊት ደውዪልኝ።»

ዕግዜር ይስጣቸው፣ ሙሉ ገመድ ከመግዛት አድነውኛል። 25 ጫማ አዲስ 30 አምፕ ገመድ ከስፒናው ጋር ሲወዳደር ዋጋው በብዙ ነው የሚበልጠው፣ የኛ ገመድ ደግሞ ከጫፉ በስተቀር ምንም አልሆነም።

አሁን ወደ ስራው። ከምንም በፊት ገመዱ ከፔደስታሉ ተነቅሎ፣ ጄኔሬተር ካላችሁ ጠፍቶ፣ ኢንቨርተርም (የባትሪውን ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) ካለ ጠፍቶ ነው የምትጀምሩት። ገመዱ ከአርቪው የሚነቀል ዓይነት ከሆነ በዛም በኩል ንቀሉት። የሆነ ነገር ተሳስቶ ከአርቪው በኩል መብራት ወደ ገመዱ ቢመለስ ባዶውን ጥርስ የያዘው እጅ የናንተ ነው፣ ስለዚ በቴስተር ነክታችሁ ምንም እንደሌለው ሳታዩ አትንኩት።

ከዛ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ መጣል ነው። እኔ መጀመሪያ ከስፒናው ስር አራት ጣት ያህል ቆረጥኩ፣ ነጩ ሽቦ ጫፉ ላይ አሁንም ጥቁር ነው፣ እንደገና ቆረጥኩ፣ ያኔ ደማቁ ቀይ መዳብ መጣ። ሙቀት በመዳቡ ውስጥ ለውስጥ ወደ ላይ ይሄዳል፣ የላዩ ጎማ ደህና መስሎ ውስጡ የተቃጠለ ሊሆን ይችላል፣ እሳቸው ያሉኝን ነገር ያኔ ነው በአይኔ ያየሁት። የላዩን ጥቁር ጎማ በካተር ዙሪያውን ጫር አድርጋችሁ፣ እስከ ውስጥ ሳትቆርጡ፣ አጠፍ ስታደርጉት ራሱ ይከፈታል። በኃይል ከቆረጣችሁ የውስጡን ሽቦ ልባስ ትነኩታላችሁ፣ ያ ከሆነ ደግማችሁ ቁረጡ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ ላሳልፈው አይባልም እዚ ጋ።

ውስጡ ሶስት 10 ጌጅ (የውፍረት ቁጥሩ ነው) ሽቦ አለ፣ ጥቁር ነጭና አረንጓዴ። እዚ ጋ ሀገር ቤት መብራት የነካካ ሰው በጣም ይጠንቀቅ። እኛ ጋ በብዛት ቡኒው ፌዝ (መብራቱን የሚያመጣው)፣ ሰማያዊው ኒውትራል (የሚመልሰው) ነው፣ ጥቁር ኒውትራል የሆነበት የድሮ ቤትም አለ። አሜሪካ ግን ጥቁሩ ነው ፌዙ፣ ነጩ ኒውትራል፣ አረንጓዴው ግራውንድ። ስፒናው ውስጥም ብሎኖቹ በቀለም ተለይተዋል፣ ቢጫው ናስ ለጥቁሩ፣ ነጣ ያለው ብር መሳዩ ለነጩ፣ አረንጓዴው ለአረንጓዴው። ፌዝና ኒውትራልን ብትገለብጡት መብራቱ ይበራል፣ ኤሲውም ይሰራል፣ ምንም ያበላሻችሁ አይመስላችሁም፣ ግን የጠፋ ዕቃ ውስጥም ፌዝ ይቀራል። ግራውንዱን ከፌዝ ጋር ካሳሳታችሁ ደግሞ የአርቪው ቆርቆሮ በሙሉ መብራት ይይዛል፣ በእርጥብ ሳር ላይ ቆሞ የበሩን እጀታ የነካ ልጅ በህይወቱ ነው የሚከፍለው። የምለምናችሁ እዚ ጋ ነው፣ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡት፣ አያሳፍርም።

ሽቦውን ስትልጡት ስፒናው ላይ የተጻፈውን ልክ ያህል ብቻ ነው። ሽቦው ብዙ ቀጫጭን ክር ስለሆነ በጣታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምዝዙት፣ አንዲት ክር እንኳ ከብሎኑ ውጪ እንዳትቀር፣ ያቺ አንዷ ክር ጎኗ ያለውን ከነካች አለቀ። ቆርቆሮ በካውያ አቅልጬ ላጣብቀው የሚል አለ፣ ለሌላ ስራ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ብሎን ስር ግን አይሆንም፣ ያ ነገር ለስላሳ ስለሆነ ብሎኑ ሲጫነው ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ከወራት በኋላ ብሎኑ ላልቶ ታገኙታላችሁ፣ ተመልሳችሁ ወደ ቃጠሎው። ሌላ ጋሼ ያስተማሩኝ ነገር፣ አረንጓዴውን ከሁለቱ ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ ተዉት። ሰው ገመዱን ጎትቶ ሽቦው ከብሎን ቢነቀል መጨረሻ ላይ የሚነቀለው ግራውንዱ ይሆናል፣ ፌዙ ቀድሞ ይለቃል።

ብሎኑን በደንብ ነው የምታጠብቁት፣ ከዛ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ሳብ አድርጋችሁ እዩ፣ ከተንቀሳቀሰ ድገሙት። የላዩ ጥቁር ጎማ የግድ በገመድ መያዣው ስር መግባት አለበት፣ ውጪ ሆኖ ሶስቱ ሽቦዎች ብቻ ከታዩ የገመዱን ክብደት የሚሸከሙት ብሎኖቹ ናቸው ማለት ነው፣ እንደዛ የተሰራ ስፒና በየካምፑ ስንት አይቻለሁ መሰላችሁ።

እንግዲ ስለ ዕቃው ስናወራ፣ የመጀመሪያ ጥቅሙ እጀታው ነው። ሰው አንገብጋቢ ነገር አይመስለውም፣ ግን ስፒና የሚገድለው ገመዱን ይዞ መንቀል ነው። 30 አምፕ ስፒናን ሶኬቱ አጥብቆ ነው የሚይዘው፣ መያዣ ከሌለው ሰው ገመዱን ጠምዝዞ ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ ነው የሚነቅለው፣ በዛ ሁለት ነገር ይበላሻል፣ የስፒናው ውስጥ ብሎንና የካምፑ ሶኬት። በዚኛው ግን አራት ጣት ታስገቡና ቀጥ አድርጋችሁ ትስባላችሁ። ባለቤቴ የእጅ አንጓው ስለሚያመው ለሱ ትልቅ ነገር ነው የሆነለት፣ አሁን በአንድ እጅ ይነቅለዋል። ጥርሶቹ ወፍራምና ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ብሎኖቹ ካቻቪቴ በደንብ ይይዛሉ፣ ገመድ መያዣው የኛን 10 ጌጅ ገመድ አጥብቆ ይዞታል፣ ሰመሩን ሙሉ ስንሰካና ስንነቅል ከረምን፣ በኋላ ከፍቼ ሳየው ብሎኖቹ ምንም አልላሉም፣ ጥርሶቹም ቀለማቸው አልተቀየረም።

ከሱ በፊት ኦንላይን በርከስ ያለ ሌላ አዝዤ ነበር፣ ብራንዱ ይቅር። ሳጥኑን ስከፍት ብሎኑ ካቻቪቴ ሲነካው ጭንቅላቱ የሚላጥ ለስላሳ ነገር ነው፣ ገመድ መያዣው ደግሞ እስከመጨረሻ ጠብቆም ገመዱ ውስጡ ይንሸራተታል። ሳልጠቀምበት መለስኩት። ብሎኑ የማይጠብቅ ስፒና ላይ አዲስ ጥርስ መኖሩ ምንም አይጠቅምም፣ ቃጠሎው ከውጪ ወደ ውስጥ ቦታ ቀየረ ማለት ብቻ ነው። ስለዚ የየትኛውንም ካምፓኒ ዕቃ ስትገዙ ቀለሙን ወይ ዲዛይኑን ትታችሁ ብሎኑንና ገመድ መያዣውን እዩ።

ማወቅ ያለባችሁ፣ እንዲህ በብሎን የሚታሰር ስፒና ሁሉ ከፋብሪካ ከገመዱ ጋር አንድ ላይ ቀልጦ እንደተሰራው ውሃ አይከለክልም። መሬት ላይ ጥላችሁ ዝናብ አይምታው፣ ሲጓዙም ሳጥኑ ውስጥ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ወፍራም ሽቦ በጠባብ ቤት ውስጥ ማጠፍም ትግል አለው፣ መጀመሪያ አጥፋችሁ ቅርጽ ካስያዛችሁት በኋላ ብሎኑ ውስጥ ብታስገቡት ይቀላል። ከዛ ውጪ የምለው የለኝም።

ሌላ ስህተት ደግሞ አለ፣ እሱም ከስፒናው ብሶ ገንዘብ የሚያስወጣ። አንዳንዱ ሰው ቤቱ ግቢ አርቪ የሚሰካበት ሶኬት ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ያሰራል። የኛ 30 አምፕ ቲቲ-30 የሚባለው ነው፣ 120 ቮልት ብቻ፣ አንድ ፌዝ፣ አንድ ኒውትራል፣ ግራውንድ። አርቪ የማያውቅ ኤሌክትሪሺያን ግን 30 አምፕ ሶስት ጥርስ ሲባል ሀሳቡ ወደ ልብስ ማድረቂያው ሶኬት ይሄዳል፣ እሱ 240 ነው፣ ልክ እንደዛው ሁለት ፌዝ አድርጎ ያስረዋል። አርቪው ሲሰካ ማይክሮዌቭ፣ ኮንቨርተር (ባትሪውን የሚሞላው)፣ ቲቪ፣ የኤሲው ቦርድ ሁሉም በአንዴ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ በጣም የታወቀ አደጋ ነው። ሶኬቱ ተሰርቶ ሲያልቅ ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ፣ በሁለቱ ጠፍጣፋ መሀል 120 አካባቢ ነው ማየት ያለባችሁ፣ ከፌዙ ወደ ግራውንድም 120፣ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ዜሮ አካባቢ። 240 ካያችሁ ኤሌክትሪሺያኑን መልሳችሁ ጥሩት።

በቀለጠው ምትክ የቤት ተራ ስፒና አስሮ የሚጠቀም ሰውም አጋጥሞኛል፣ እንደዛ አይደረግም። የቤቱ 15 አምፕ ነው፣ 1,800 ዋት፣ የኛ 3,600 ይሸከማል። ከ30 ወደ 15 የሚቀይረውን አዳፕተር ራሱ ኤሲ አስነስታችሁ ማደር የለባችሁም፣ ዘመድ ቤት ደጃፍ ላይ ስትቆሙ ባትሪ ለመሙላትና ፍሪጅ ለማብራት ነው እሱ።

50 አምፕ ያላችሁ ሰዎች ስፒናችሁ ሌላ ነው፣ ባለ አራት ጥርስ 14-50 የሚባለው፣ ሁለት ፌዝ፣ ኒውትራል፣ ግራውንድ። መቀየሪያው በዛም ይሸጣል፣ የእጀታ ዓይነቱም አለ፣ ግን ገመዱ በጣም ወፍራም ስለሆነ ስራው ይከብዳል። እናንተ ጋ ይበልጥ የሚያስፈራው የኒውትራሉ መላላት ነው። ኒውትራሉ ከተቋረጠ በሁለቱ ፌዞች መሀል ያለው 240 ዕቃዎቹ ላይ እንደ ጭነታቸው ይከፋፈላል፣ አንዱ ጋ 80 ሲሆን ሌላው ጋ 160 ሊደርስ ይችላል፣ ቲቪና ፍሪጅ እንደዛ ነው የሚቃጠለው። የነጩ ብሎን ጥብቅ መሆኑን ደጋግማችሁ እዩ፣ እንደ እኔ ሀሳብ ከሆነ 50 አምፕ ባለሙያ ቢሰራው ይሻላል።

ስጨርስ ጋሼ ጋ ደወልኩ፣ በቴስተር ያስለኩኝ እንዲህ ነው። ገመዱ ከፔደስታል ተነቅሎ፣ የአርቪው ዋና ብሬከር ጠፍቶ፣ ስፒናው ጥርሶች ላይ ፌዝና ግራውንድ መሀል መነካካት መኖር የለበትም፣ ፌዝና ኒውትራል መሀልም፣ ኒውትራልና ግራውንድ መሀልም። ቤት ውስጥ ዋናው ፓኔል ላይ ኒውትራልና ግራውንድ ተያይዘው ነው ያሉት፣ አርቪ ውስጥ ግን መለያየት አለባቸው፣ ስለዚ ቴስተሩ ጢጥ ካለ አንድ ነገር ተነካክቷል። ጢጥ አላለም። ከዛ ነው ሰክቼ፣ ብሬከሩን አብርቼ፣ ኤሲውን ለብቻው ያስነሳሁት።

አንድ ሰዓት ያህል ከሰራ በኋላ ስፒናውን በእጄ ዳበስኩት፣ ለብ ብሏል፣ ያ ችግር የለውም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ወዲያው ጭነቱን ቀንሱና ሶኬቱን ተጠራጠሩ። አሁን የትም ስንገባ መጀመሪያ የምናደርገው ይሄ ነው፦ የፔደስታሉን ብሬከር ማጥፋት፣ ሶኬቱን በባትሪ ማየት፣ የጠቆረ ወይ የሰፋ ካለ ቦታ ይቀየርልን ማለት። ስፒናው ሲገባ ምንም ካልታገለ ሶኬቱ ልል ነው። ስትነቅሉም እንዲሁ፣ ኤሲው ጠፍቶ፣ ብሬከሩ ወርዶ፣ ከዛ። ጭነት ተሸክሞ የተነቀለ ስፒና ብልጭ ይላል፣ ያቺ ብልጭታ ናት ጥርሱ ላይ ጉድጓድ የምትቆፍረው።

ከአርቪውና ከፔደስታሉ መሀል የሚሰካ ኢኤምኤስ የሚባለውን መከላከያም ገዝተናል፣ ቮልቱ ከ104 ሲወርድ ወይ ከ132 ሲያልፍ ቆርጦ የሚጥለውን ዓይነት። ግራውንድ የሌለው ሶኬት ወይ የተገለበጠ ሽቦ ካለም ያስታውቃል። ዋጋው ከስፒናው ጋር አይወዳደርም፣ ውድ ነው፣ ግን ሰመር ላይ ካምፑ ሁሉ ኤሲ ሲያስነሳ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቮልት ሲወርድ ደግሞ የኤሲው ኮምፕረሰር ይበልጥ አምፕ ይስባል፣ ይሄ ሁሉ ተመልሶ እዛችው ስፒና ላይ ነው የሚያርፈው። ነገር ግን ኢኤምኤስ አለኝ ብላችሁ የላላ ሶኬት ላይ አትሰኩ፣ የሚሰራው ቮልት መለካት ነው፣ የሶኬቱን ጥርስ ሙቀት የማያይ ዓይነትም አለ።

ካምፑን በተመለከተ፣ ያን ዕለት ማታ ቢሮ ሄጄ ነገርኳቸው፣ ስፒናዋንም አሳየኋቸው፣ ሰውየው ወዲያው ሌላ ቦታ ሰጠን፣ በማግስቱ ጠዋት ሶኬቱን ሲፈቱት አየሁ። ዝም ብላችሁ አትሂዱ፣ ተናገሩ። ካምፖች ሶኬታቸውን የሚያውቁት እንግዳ ሲነግራቸው ነው።

ጫፉን ብቻ መቀየር የማይሆንባቸው ጊዜዎች አሉ። ገመዱ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ፣ አይጥ የበላው ቦታ ካለ፣ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ቆርጣችሁም መዳቡ ጥቁር ከሆነ፣ ወይም ሌላኛው ጫፍ አርቪው ጋ የሚገባው ራሱ የቀለጠ ከሆነ ሙሉውን ቀይሩት። ከአርቪው የሚነቀል ገመድ ያላችሁ ያንን ጫፍ ማየት አትርሱ፣ ሰው ሁሉ ፔደስታሉ ጋ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። ኤክስቴንሽን መጨመር ካለባችሁም 10 ጌጅ ይሁን፣ ከዛ ቀጭን አትግዙ።

ስትገዙ ሳጥኑ ላይ ቲቲ-30ፒ፣ 30 አምፕ፣ 125 ቮልት የሚል ፈልጉ፣ መጨረሻው ላይ ያለው ፒ ወንዱ ማለት ነው፣ አር የሚል ከሆነ ሴቴዋ ሶኬት ናት፣ ፎቶው ስለሚመሳሰል ሰው ተሳስቶ ያዝዛል። የአርቪ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ አለው፣ ትልልቆቹ የቤት ዕቃ መደብሮችም አንዳንዴ ይይዛሉ፣ ከተቻለ በአካል ሄዳችሁ ገመድ መያዣውን ከፍታችሁ አይታችሁ ግዙ። የገመዳችሁን ውፍረት ለማሳየት ከቆረጣችሁት ጫፍ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ።